ባዶውን አንድ ጊዜ ይሳቡት

ጠመንጃ ጠጋኙ ዘንድ መሣሪያ ሊገዛ የመጣ ጡረተኛ ወታደር ሁሉ አንድ የሚያናድድ ነገር ይገጥመዋል። የፈቃድ ወረቀቱን አሳይቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ሊወጣ ሲል ጠጋኙ በሩ ላይ ይቆምበታል። «ባዶውን አንድ ጊዜ ይሳቡት» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ፣ በተለይ ማዕረግ የነበረው፣ «ልጅ አደረግከኝ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ጠጋኙ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ጥይት ሳይገባበት ምላጩን አንዴ ካልሳቡ አያሳልፋቸውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮማ ሥራው ወሬ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በጦር ሠራዊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቶ ሲወጣ፣ ከገበያው ጀርባ ብረት መያዣ ሞርሳ የታሰረበት አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምታስገባ ክፍል ተከራየ። የወታደሩንም የአደኑንም ጠመንጃ አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ደንበኛ ሲመጣ አፉን ሞልቶ ይናገራል። «ይሄና የወታደሩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በርሜሉም ያው፣ ጥይቱም ያው። ግን ይሄ ሩምታ አያውቅም፤ አንዴ ስትስብ አንድ ነው። ካዝናው አምስት ብቻ ይጎርሳል። ሳንጃ መሰኪያም የለው። አሳማ በሳንጃ የሚወጋ ሰው ካለ ግን አሳዩኝ።» ሰው ይስቃል፤ የእሱም ልብ ያብጣል።

ማንም የማይጠይቀው፣ በዓይንም የማይታይ ሌላ ልዩነት ነበር። ጣት የሚስበው ምላጭ ነው። የወታደሩ ምላጭ መጀመሪያ ልል ሆኖ ጥቂት ይመጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል። የድሮ ወታደር እዚያ ጥንካሬው ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ ትንፋሹን ይዞ መጠበቅ ልማዱ ነው። የአደኑ ጠመንጃ ያ ልልነት የለውም። ገና ጫን ሲሉት ይተኩሳል። ጠጋኙ ደግሞ አዳኞች ስለሚወዱት፣ ሞላውን እየቀየረ ይበልጥ ያቀልለዋል። በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር።

አንድ ቀን የታላቅ እህቱ ባል መጣ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ጠጋኙን ራሱን፣ ገና ምልምል ሳለ፣ ተኩስ ያስተማረው እሱ ነበር። የዱር አሳማ በቆሎውን ጨርሶበት የአደን ጠመንጃ ፈለገ። ጠጋኙ ከሁሉም የተሻለውን አወረደለትና የተለመደውን ወሬውን አወራለት። ስለ ካዝናው አወራ፣ ስለ ሳንጃው አወራ፣ ተሳሳቁ። ስለ ምላጩ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ይሉኝታ ያዘው። ለዚህ ሰው እንዴት እንደሚተኮስ ሊነግረው ነው? መልሶ ዘጋው።

«ሌላ የምትለኝ አለ?» አለው ሃምሳ አለቃው።

«ለእርስዎማ ምን እላለሁ፣ ጋሼ።»

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን አነሳ፤ ምን እንደሆነ እስኪለይ ድረስም ሠላሳ ዓመት እንደለመደው ምላጩን ጥቂት ስቦ ሊጠብቅ አሰበ። ጠመንጃው አልጠበቀውም። በበቆሎው መሀል የነበረችው ሚስቱ ናት፤ በሌላ በኩል ዞራ አሳማ ልታባርር ገብታ ነበር። ነፍሷ ተረፈ። ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሃምሳ አለቃው ጠመንጃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ መለሰ። «እጄ ከዳኝ። አርጅቷል። ሳላዘው ሳበ» አለ። ጠጋኙ በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረበት። እጁ ደህና ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማለት ብቻ ነበር። እሱ ግን ሞርሳውን ይፈታና ያጠብቅ ጀመር። መጀመሪያ ይሉኝታ ነበር፤ አሁን ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ነገ እሄዳለሁ አለ።

ያ ነገ አራት ዓመት ፈጀ። በየበዓሉ እህቱ ቤት ይሄዳል፤ ሃምሳ አለቃው ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ውሃ በግራው ይጠጣል፣ በር በግራው ይከፍታል። ጠጋኙ ያያል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይወጣል። በአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ ሃምሳ አለቃው በሳንባ ሕመም ሞተ።

ለቀስተኛው ሲበተን ጠጋኙ ከእህቱ ጋር ብቻውን ቀረ። ክራንቿ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ምላጩ፣ ስለ ሞላው፣ አፉን ከፍቶ ስለመዝጋቱ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ክራንቿን ስባ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«እሱ በሕይወት እያለም?»

«አዎ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

«እግሬን እንኳ ተወው፣ ለምጄዋለሁ። የልጃችን ልጅ ስትወለድ ግን 'ስጡኝ' ብሎ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። 'ይሄ እጅ አይታመንም፣ ውሰዷት' አለን። ሦስት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ሳያቅፋት ሄደ።»