በእግዚአብሔር ስም የጠየቅሁት ኢሜይል

ዛሬ የኢሜይሌን ፓስወርድ ለማላውቀው ሰው ሰጠሁ።

«ከኮሌጁ ነው፤ ካላረጋገጡ ኢሜይልዎ ይዘጋል» ይላል ከምሠራበት ኮሌጅ የመጣ የሚመስለው መልእክት። ሟች ባለቤቴ ባሮ ወንዝ ዳር የተነሳቻቸው ፎቶዎች ያሉት እዚያ ብቻ ነው።

ተጠራጥሬ «በእግዚአብሔር ስም፣ እውነት ከኮሌጁ ናችሁ?» ብዬ ጻፍሁ። ወዲያው «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አለኝ። ፓስወርዱን ላክሁለት።

(ፈጥኖ መመለሱ ብቻ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። የእኛ ቢሮዎች በሳምንትም አይመልሱም።)

ልቤ አላርፍ ሲለኝ ኛዳክ ለምትባለው የኮሌጁ አይሲቲ ክፍል ሠራተኛ ነገርኋት።

«ጋሼ፣ ሌባውን ራሱን ሌባ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት?» ብላ ሳቀች። ፓስወርዱን ቀየረችልኝ፤ ፎቶዎቹ ተረፉ። «ሌላ ጊዜ መልስ ሳይሰጡ ለእኛ ያሳውቁ» አለችኝ።

እኔ ግን ግራ እንደገባኝ ነኝ። ስሙ ከተጠራ በኋላ መጠራጠር ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። እናንተስ በስሙ ምሎ ያታለላችሁ አለ? ከዚያ በኋላ ሰው ማመን እንዴት ሆነላችሁ?