የቺሮ ትንሿ ጣት

የዝላትኮ በሽታ አንዲት ናት፤ የተሸፈነ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ድስት ሲያይ ክዳን ያነሳል። ድንጋይ ሲያገኝ ይልሰዋል፤ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ካልረጠበ ቀለሙን አያሳይማ። ከክሮኤሺያ ወደ ማዕድን ከተማዋ ኩበር ፒዲ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ ኦፓል ሲቆፍር ያገኘው ሀብት ይህ ነው አይባልም፤ የላሰው ድንጋይ ግን ተራራ ያህላል። ሚስቱ ኔቬንካ፣ "አንተ እኮ ስትቀበር የሳጥኑን ክዳን ከውስጥ ትከፍታለህ" ትለዋለች።

ኔቬንካ የዓይን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ወደ አዴላይድ ስትሄድ፣ ከመሬት በታች በተፈለፈለው ቤታቸው ዝላትኮና ቺሮ ብቻ ቀሩ። ቺሮ ከእንቁላሉ ጀምራ ያሳደገችው፣ ጉሮሮው ሥር እሾሃማ ቆዳ ያለው ጢማም እንሽላሊት ነው። ቆዳውን ሊቀይር አመዳም መስሎ ነበር።

"ለብ ባለ ውሃ እጠበው። ቆዳውን እንዳትነካ፣ ራሱ ይጥለዋል" አለች በሩ ላይ ቆማ። "ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ ባክሽ። ልጅ ነኝ እንዴ?"

"ልጅ ብትሆንማ ትሰማኝ ነበር።"

በማግስቱ የቺሮ ጀርባ ላይ ቆዳው በአንድ በኩል ተነሳ፣ ከሥሩ ወርቅማ ብርቱካን ብልጭ አለ። ዝላትኮ ይህን ብልጭታ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን የበላው እሱ ነው። ከኦፓል ላይ የማይረባውን ቅርፊት በጉጠት እየነካኩ ማንሳት እጁ የለመደው ሥራ ነውና እንሽላሊቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጀመረ። ጥቂት ብቻ፣ አለ በልቡ። ጥቂቱ በጄ አለ። የቀጠለው ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ሲስበው ቺሮ ተወራጨ፣ ጢሙን ነፍቶ ከሰል አስመሰለው። ጀርባው ላይ ቀይ ቁስል ቀረ።

ዝላትኮ አፈረ። በእንስሳ ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም። አገላብጦ ሲያየው ደግሞ ሌላ ጉድ፤ የኋላ እግሩ ትንሿ ጣት ላይ አሮጌው ቆዳ እንደ ክር ተጠምጥሞ ጣቷ አብጣለች። ስልኩን አነሳና ደወለ።

"ነካኸው አይደል?" አለች ኔቬንካ፣ ገና ሰላም ሳይላት።

"ጀርባውን ትንሽ..."

"አንተ ሰውዬ!"

"አሁን ጣቱ አብጧል። እሱን ግን አልነካሁም፣ በእናቴ!"

"በል ስማ። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እሽት እሽት አድርገው። ዛሬ ካልለቀቀ ነገም ድገመው። ዝም ካልከው ደሙ ታፍኖ ጣቱ ይሞታል። ከሳብከው ደግሞ ጣቱንም ይዘህ ትመጣለህ።"

ኦፓሉን በሚዘፈዝፍበት ሳህን ዘፈዘፈው። አሸ፣ አየ፣ ተወ። በነጋታውም እንዲሁ። ቺሮ ውሃው ውስጥ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ዝላትኮ አጎንብሶ ያስባል፦ ይህ ቆዳ የመልቀቂያውን ጊዜ በምን ያውቃል? ማን ነግሮት? ድንጋይ ጠይቆት የማያውቀው ጥያቄ ነበር።

አንድ ጠዋት ቆዳው ማንም ሳይስበው ሾልኮ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ዝላትኮ በጣቱ ጫፍ አንስቶ መብራት ላይ ያዘው፤ የጥፍሩ ቅርጽ ሳይቀር አለ። ሊልሰው ምላሱን አውጥቶ ነበር፣ ተወው።

ኔቬንካ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ መጣች። ቺሮን አቅፋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ትንሿም አለች። እጇ ጀርባው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይቺ ያንተ ናት።"

"የኔ ናት" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ቺሮን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላ የዓይኗን መሸፈኛ ነካ አድርጋ፣ "ሐኪሞቹ ጠዋት ይነሳ ብለዋል። አንድ ሌሊት ምን ያመጣል፣ እስኪ ግለጠው። ስትቁነጠነጥ በዚህኛው ዓይኔ እያየሁህ ነው" አለችው።

እውነቷን ነው፤ ከሥሩ ያለውን ለማየት ጣቶቹን በልቶታል። ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው።

"ጠዋት" አላት።