ቀናው ያልሰረዛት መስመር

አቃቂ ውስጥ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንዱ ቀናው ግማሽ ዕድሜውን ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ሲቀርጽ ኖረ። ጡረታው ሲቃረብ የማታ ትምህርት ገባና ኮምፒውተር ተማረ። አለቆቹ ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ ወደ ኮምፒውተር ክፍል አዛወሩት። የሚሽከረከር ወንበር ተሰጠው፤ እሱ ግን አያሽከረክረውም ነበር። ከዚያ ክፍል በጡረታ እንጂ በሌላ መንገድ ላለመውጣት ለራሱ ቃል ገብቷል።

ሥራው መዝገብ መጠበቅ ነበር። በዋናው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ማንም ሳይጠራት ቀን ከሌት የምትሠራ አንዲት ፕሮግራም አለች። ማን እንደገባ፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ፣ ምን እንደሰረዘ ትጽፋለች። ማንንም አትከለክልም፣ ከማንም አትጣላም፤ ትጽፋለች ብቻ። ቀናው የጻፈችውን ያነባል፣ ያረጀውን ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውራል፣ ይቆልፍበታል። ጎረቤት ሥራውን ሲጠይቃት ሚስቱ «ዘበኛን ይጠብቃል» ትላለች። ቀናው አላረማትም።

በፋብሪካው ግን ከፕሮግራሟ የቆየ ልማድ አለ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት እንደሚተው ሁሉ የይለፍ ቃሉንም አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ይተዋል። አለመተው ባልንጀራን ሌባ ማለት ነው። የእድሩ ዳኛ ሳሪስ አቦ ሲቀበሩ ቀናውም የራሱን ለትእዛዝ መዝጋቢዋ ለኢፍቱ ነግሯት ሄደ።

ሲመለስ የአንድ ደንበኛ የወፍጮ መለዋወጫ ትእዛዝ ከነሥዕሉ ጠፍቷል። ደንበኛው በር ላይ ይጮሃል። ቀናው መዝገቡን ከፈተ። የሰረዘው ቀናው ነው ይላል።

ወረቀቱን አትሞ ለሥራ አስኪያጁ ለአሻግሬ ወሰደለት።

«ጋሽ ቀናው፣ እርስዎ እኮ ያኔ ከእኔ ጋር ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይበሉ ነበር!»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ ይቺን መስመር ይሰርዟታ! ኦዲተር ካያት ከዚያ ክፍል ያስወጡዎታል።»

«ብሰርዛት መሰረዜን ትጽፋለች።»

«ፕሮግራሟን መጀመሪያ ያቁሟት።»

«መቆሟንም ትጽፋለች። ከዚያ ነው የምትቆመው።»

አሻግሬ ትንሽ አሰበ። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ቢኖረኝ» አለ።

ይሄን ጊዜ ኢፍቱ ሳታንኳኳ ገባች። «እኔ ነኝ የሰረዝኩት። የተደገመ መስሎኝ ነው። የጋሽ ቀናውን ስም ከመዝገቡ አውጡ።»

«መዝገቡ ኢፍቱ የምትባል ሴት አያውቅም» አላት ቀናው።

«እኔ አውቃት የለም እንዴ!» አለች ኢፍቱ።

«ስሜን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ቁልፍ የሰጠ ሰው በሩ ለምን ተከፈተ አይልም። አሁን ውጪ፣ ደንበኛው ጉሮሮው ሳይደርቅ ውኃ ስጪው።»

ኦዲተሩ መጣ፣ አነበበ፣ ስለ ለቅሶው አልጠየቀም። ቀናው ወደ ቶርኖው ተመለሰ። ክፍሉ ለኢፍቱ ተሰጠ፤ የይለፍ ቃሉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በወሩ መጨረሻ ኢፍቱ ወደ ወርክሾፑ ወረደች።

«ጋሽ ቀናው፣ አሮጌውን መዝገብ ማዛወሪያው ጠፋኝ። በስሜ ከፍቼዋለሁ፣ ይምጡና እርስዎ ይጻፉት።»

ማሽኑን አጠፋና ተከተላት። ወንበሩን ሳበችለት፤ አልተቀመጠም። ግራሶ የነካ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና የማዛወሪያውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ነገራት። የሱ ስም ያለባት መስመር ጋ ስትደርስ ጣቷን አነሳች።

«ይቺም ትሂድ?»

«ከጓደኞቿ ጋር ትሂድ።»

ሄደች። መቆለፍ ብቻ ቀረ። ቀናው ኢፍቱ የይለፍ ቃሏን ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።