ግድቡ ዳር የገዛነው ቤት

ራዲዮ ስከፍት "የሐይቅ እይታ ያላቸው ዘመናዊ መኖሪያዎች" የሚል ማስታወቂያ ከመጣ እዘጋዋለሁ። ልጆቼ ደግሞ ራዲዮው ምን አደረገሽ እያሉ ይስቁብኛል። ራዲዮው ምንም አላደረገኝም። የሚያናድደኝ ያ የሚያባብል ድምፅ ነው፤ ውሃ ዳር መኖርን ትናንት የተፈለሰፈ የሀብታም ነገር አስመስሎ ሲያወራ። እኛም የሐይቅ እይታ ያለው ቤት ነበረን። በደርግ ዘመን፣ መሬት መሸጥና መግዛት በሚያሳስርበት ጊዜ፣ ከአቃቂ ወዲያ ካለው ግድብ ዳር ገዝተን ገብተንበት ነበር። እንዴት እንደገዛነውና እንዴት እንደተነቀልን ስናገር ዛሬም ድምፄ ይወፍራል፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል።

ነገሩን የጀመረችው እናቴ ናት። የተወለደችው ወሎ፣ ሐይቅ፣ ከውሃው አጠገብ ነው። አባቴ አግብቶ ካመጣት ጀምሮ ግን የኖረችው ሳሪስ ውስጥ፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት በተፋጠጠ የቀበሌ ቤት ነበር። ጥበቱንም ጭሱንም ችላዋለች። ያልቻለችው ጠዋት በሯን ስትከፍት ዓይኗ የሚያርፍበት ሩቅ ነገር ማጣቷን ነበር። ግድግዳ እያየሁ ላርጅ ወይ ትለው ነበር አባቴን። ሌላ ነገር ለምናው አታውቅም፤ ወርቅ አላለች፣ ልብስ አላለች። ውሃ የሚታይበት ቤት ብቻ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ መኪናው የሰው፣ ድካሙ የራሱ። ደግ ሰው ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለ እሱ የምለው ስለማያምር ነው። ኬላ የገራው ሰው ነበር። ፈታሽ ሳይጠራው ከጋቢናው ይወርዳል፣ ሳይታዘዝ ሸራውን ይፈታል፣ ማንም ያልጠረጠረውን ነገር ይሄን አልጫንኩም ብሎ ይናገራል። መንገድ ላይ ይህ ጠባዩ ብዙ ጊዜ አድኖታል። ቤት ይዞት ሲገባ ግን እናቴን ያበሽቃት ነበር።

አንድ ቀን ቃሊቲ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ በባዶው መኪና እናቴንና እኔን ይዞን ወደ ግድቡ ሄደ። ግድቡን ጣልያን ነው የሠራው። እኛ ስንደርስ የመብራት ማመንጫው ሥራ አቁሞ ዝም ብሏል። የሚሰማው የወፎችና ውሃ ሊጠጡ የሚወርዱ ከብቶች ድምፅ ብቻ ነበር። ውሃው ንጹሕ ነበር ብዬ አልዋሽም። የከተማው እጣቢ በወንዝ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ዳር ዳሩን ዛሬ እምቦጭ የሚሉት አረም ይዞት ነበር፣ ነፋስ ሲዞር ደግሞ ያልለፋ ቆዳ ይሸታል። እናቴ በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ከዳር እስከ ዳር አየችው። አባቴ ይሸታል አላት። የእኛም ሐይቅ ይሸት ነበር አለችው፣ ዓይኗን ሳትመልስ። ውሸቷን ነው፤ ኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ አይሸትም።

ቤቱን የሸጡልን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የኦሮሞ እናት ነበሩ። አዴ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ልጃቸው ለጦርነት ተወስዶ ስለቀረ ቤቱ ባዶውን ቆሞ ነበር፤ ከእሳቸው ግቢ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ልክ ከውሃው አፋፍ ላይ። ባዶ ቤት እያየሁ ማደር ሰልችቶኛል፣ ሰው ይግባበት አሉ።

መሬት የመንግሥት ነው ከተባለ ወዲህ ሰው መሬት መሸጡን አላቆመም፤ መሬት ብሎ መጥራቱን ነው ያቆመው። በዚያ አካባቢ ወጉ እንዲህ ነበር። ሻጭ ሽማግሌዎች ፊት ይቀመጥና ቆርቆሮውንና እንጨቱን ሸጬለታለሁ ይላል። ገዢም ቆርቆሮውንና እንጨቱን ገዝቻለሁ ይላል። ግቢው፣ ዛፉ፣ ወደ ውሃው የሚወርደው መንገድ በዝምታ አብሮ ይሄዳል። ወረቀት አይጻፍም፣ ወረቀት ያሳስራል። ከዚያ አብሮ ይበላል። የእነሱን ሥጋ እኛ፣ የእኛን እነሱ ስለማንበላ አዴ ጨጨብሳ በቅቤ አቅርበው ሁላችንም ከአንድ ገበታ በላን። ከምስክሮቹ አንዱ እርሻው ከአዴ እርሻ የሚዋሰን፣ አፈ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ገበሬ ነበር። ምርቃቱን ያሳመረው እሱ ነው፤ ከጨጨብሳውም ብዙውን የበላው እሱ ነው።

ሁሉ ነገር በወጉ ካለቀ በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"መሬቱን እንዳልገዛሁ እወቁልኝ" አለ። "መሬቱ የመንግሥት ነው።"

ማንም አልጠየቀውም ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አዴ ሌላ ነገር የተባለ መስሏቸው ምን አለ ብለው ጠየቁ። እናቴ በሻርፗ ሥር ጭኑን ቆነጠጠችው። ስንመለስ ጋቢና ውስጥ ማን ጠየቀህ አለችው። ለጥንቃቄ ነው አላት። የሳሪሱንም ቤት ያለቀቀው ለጥንቃቄ ነበር፤ ከአሰብ ሲመለስ ለብቻው እዚያ እያደረ፣ ሲመቸው ወደ እኛ ይመጣ ነበር።

እናቴ፣ ታናናሾቼና እኔ ግድቡ ዳር ገባን። እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው በውሃው በኩል ያለውን ግድግዳ አስበስታ መስኮት ማስገባት ነበር። ጎመንና ሽንኩርት ተከለች። የጎረቤት ከብቶች ወደ ውሃ የሚወርዱት በግቢያችን ስለነበር አባቴ አጥር ልጠር ሲል አይሆንም አለችው፤ ከብት ውሃ ሲሄድ አይከለከልም አለች። ክረምት ላይ ውሃው ሞልቶ እስከ ጎመኑ ይመጣና መሬቱን አጥግቦ ይመለሳል። አባቴ ከአሰብ በመጣ ቁጥር ለጎረቤቶቹ ሁሉ ጨው ያከፋፍላል፤ ያ አፈ ቅቤም ድርሻውን እየተቀበለ አላህ ይስጥልኝ ይለው ነበር፣ እኛን ለማስደሰት። ሳሪስ እያለን በትንሽ በትልቁ የምትጮህብን እናቴ እዚያ ከገባን ጀምሮ ድምፅዋ ቀነሰ። ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች፣ ሻይዋ ይቀዘቅዛል፣ እሷ አታስተውለውም። ሰው በቤቱ ደስ ሲለው እንዴት እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ያ ምስክራችን የገበሬ ማህበር ሊቀመንበር ሆነ። መጀመሪያ ምንም አልነካንም። ከዚያ የመንደር ምስረታ መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በአንድ ቦታ ከተሰበሰበ የቧንቧ ውሃ፣ መብራት፣ ክሊኒክ ያገኛል ተባለ። የተመረጠው ቦታ ኮረብታው ላይ ነበር፤ ድንጋይና እሾህ እንጂ ሌላ የሌለበት። ውሃ ዳር የምንኖረውን ሰዎች ውሃ እንድናገኝ ብለው ከውሃው አነሱን! ይህን ስጽፍ ብዕሩ እጄ ላይ ሊሰበር ነው።

ሊቀመንበሩ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አባቴ በዚያ ቀን ቤት ነበር። ቢሆንም በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ናት። ይህን ቤት ገዝተናል፣ አንተም ምስክራችን ነህ አለችው።

"ልክ ነሽ እህቴ፣ ምስክር ነበርኩ" አላት፣ ሳይቆጣ። "የገዛችሁት ቆርቆሮና እንጨት ነው። እሱን ማን ከለከላችሁ? ይዛችሁ ውጡ። መሬቱን ደግሞ ባልሽ ራሱ አልገዛሁም ብሏል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር። ውሸት ቢሆን እናቴ መልስ አታጣም። ከአፉ የወጣው ግን ቃል በቃል ልክ ነበር። ያን ቃል ማን ለምን እንደሚለው፣ ማንን ለመሸሸግ እንደተፈጠረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰው አብሮህ በሸሸገው ነገር መልሶ ሲወጋህ ምን ይባላል? እናቴ ወደ አባቴ ዞር አለች። አባቴ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ቤት እንዲያፈርሱ ከከተማ የተላኩት ተማሪ ዘማቾች ከአዴ ቤት ጀመሩ። ሚስማር መንቀል ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ በድጅኖ እየፈለቀቁ ቆርቆሮውን ይቀዳድዱታል። አዴ በኦሮምኛ ቀስ በሉ፣ የልጄ አባት የሠራው ነው እያሉ ይዞሯቸዋል፤ የሰማቸው የለም። አባቴ ይህን ሲያይ ሮጦ ከመኪናው የመፍቻ ሳጥኑን አወጣና በመሰላል የራሳችን ጣሪያ ላይ ወጣ። እነሱ ሳይደርሱ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ።

እናቴ ውረድ አለችው። እነሱ ከነቀሉት ይቀደዳል አላት። ይቀደድ አለችው። አልወረደም። የነቀለውን ሚስማር በመዶሻ እያቃና ጣሳ ውስጥ ይጥላል፣ ቆርቆሮውን ወደ ታች ያቀብላል። ከዘማቾቹ አንዱ እንደ እኚህ አባት ያለ ንቁ ሰው ቢበዛልን ብሎ አመሰገነው። እናቴ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ጎመኑ ላይ ተቀመጠች። መስኮቱን ሲያነሳው ድምፁን ሰማች፣ ዞራ ግን አላየችም።

ኮረብታው ላይ ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በሰልፍ ቆሙ። በር ሁሉ ወደ መንገዱ ይሁን ተባለ፤ ውሃው ከጀርባችን ቀረ። እናቴ በጀርባ በኩል መስኮት ላስወጣ ብትል ከፕላን ውጪ ነው አሏት። ቧንቧውም አልመጣም። መቼስ የት አባቱ ይመጣል! የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ጀሪካን እየተሸከሙ ከተነቀሉበት ግድብ ውሃ ይቀዱ ጀመር። እናቴ የገዛችውን ውሃ በጀርባዋ አቀበት ታወጣው ነበር።

በጋው ሲገባ ግቢያችን ላይ፣ ልክ ቤታችን በነበረበት፣ ዳስ ተጣለ። ወንበርና ጠረጴዛ ተደረደረ። እሑድ እሑድ ከከተማ መኪና ይመጣል፣ ጥብስ ይጠበሳል፣ ቢራ ይከፈታል፣ ቴፑ እስከ ኮረብታው ድረስ ይሰማል። ለእንግዶች መዝናኛ ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እንግዶቹን ይቀበላል፣ በእጁ ወደ ውሃው እያመለከተ ያስጎበኛል። ሰዎች ይህን ሳወራላቸው ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው ይሉኛል። ዘመኑ ነው! ከገበታችን ጨጨብሳ የበላው፣ ጨዋችንን የወሰደው ዘመን ነው እንዴ? ስም ያለው፣ እጅ ያለው፣ የሚያፍር ፊት የተሰጠው ሰው ነው። ስሙን የማልጽፈው እሱን ፈርቼ አይደለም፤ እናቴ ቤት ውስጥ እንዳይጠራ ከልክላ ስለነበር ነው።

አንድ እሑድ እናቴና እኔ ጀሪካን ይዘን በድሮ ግቢያችን በኩል ወረድን። ዘበኛው እንግዳ አለ፣ ዞራችሁ በወዲያ በኩል ቅዱ አለን። ከብት የማይከለከልበት መንገድ ነበር። እናቴ አልተከራከረችም። ባዶውን ጀሪካን ይዛ ኮረብታውን ወጣች፣ የታናናሾቼን ልብስ ሰበሰበች፣ በዚያው ቀን ሳሪስ ገባን። አባቴ በኋላ ሄዶ ቤቱን ዳግመኛ ፈታው። ቆርቆሮውን በመኪና አምጥቶ ሳሪስ ግቢ ውስጥ ደረደረውና ሸራ አለበሰው።

ትዳራቸው አልፈረሰም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ስለ መንገዱ ትጠይቀዋለች፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። እኔና አባቴ ተቆጥተን ሊቀመንበሩን ስንሰድብ ግን እሷ ተነስታ ትወጣለች። እኔም ቁጣዋ ከእኔ ቁጣ ጋር አንድ ይመስለኝ ነበር፣ ለዚያ ሰው የተያዘ።

ደርግ ሲወድቅ ኮረብታው ላይ የነበረው ሰው ማንም ሳያዘው ቤቱን እያፈረሰ ወደየቦታው ተመለሰ። አባቴ ይህን ሰምቶ ሄዶ አይቶ መጣ። እንደዚያ ቀን ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ዳሱ ፈርሷል አላት፣ ሊቀመንበሩ ሸሽቷል፣ አዴ በሕይወት አሉ፣ ቦታው የእናንተ ነው ኑ ብለዋል። ከዚያ ሸራውን ገለጠና ቆርቆሮውን አሳያት።

"ይኸው፣ አንዱም አልተቀደደም" አላት። "በሳምንት ውስጥ እንደነበረ አቆመዋለሁ።"

እናቴ ምስሩን አስቀመጠችና ቆርቆሮውን አየችው። እውነቱን ነበር፣ አንድም ቀዳዳ የለውም።

"እነሱ ነቅለውት ቢሆን ዛሬውኑ እመለስ ነበር" አለችው። "አንተ ነህ የነቀልከው።"

ምስሯንም አንስታ መልቀሟን ቀጠለች። አባቴ በሳምንቱ ገዢ አምጥቶ ቆርቆሮውን ሸጠው።