መጄን ወስደው አጎዛ ያነጠፉልኝ ጊዜ

ደብረ ታቦር፣ ከደጃዝማቹ ግቢ ወፍጮ ቤት የገባሁት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። የፈጪዎቹ አለቃ ወይዘሮ ድንቅነሽ መዳፌን ገልብጠው አዩት።

«ይኸ እጅ እስካሁን ምን ሲሠራ ኖረ?»

«እንጨት ስለቅም፣ ውሃ ስቀዳ፣ እሜቴ።»

«እንግዲያስ ወገብ አለሽ። የሚፈጨው እጅ አይደለም፣ ወገብ ነው።»

ይህን ያሉኝ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ከዚያ ወዲያ ቆመው ያየኋቸው ደጃዝማቹን እጅ ሲነሡ ብቻ ነው፤ ያንንም ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው።

መጅ የያዛችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ወፍጮ ቤትም ማዕርግ አለው። ጀማሪ ለበቅሎ ገብስ ትሸረክታለች። ቀጥላ ብቅል፣ ከዚያ ለጭፍራው ጥቁር ጤፍ። ለጌታ ማዕድ ነጭ ጤፍ አድቅቃ የምትፈጨው ፊታውራሪ ናት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ፊታውራሪ በቅሎ አለው። እኔ ነጭ ጤፍ ላይ የደረስኩት ልጆች ወልጄ፣ ባሌንም ቀብሬ ነው።

ጊዜው ፈረንጆቹ ጋፋት ላይ ለንጉሡ መድፍ የሚያቀልጡበት ነበር። አገሩ ሁሉ ስለ መድፉ ያወራል። መድፉን የሚጎትቱት ሰዎች የሚበሉትን ማን እንደሚፈጨው የጠየቀ አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን የወር ደሜ ቆመ። ብርዱ ጥርስ በሚያፋጭበት የክረምት ጠዋት ወላፈን ከደረቴ ተነሥቶ አናቴ ላይ ይወጣል፤ ነጠላዬን ጥዬ በላብ እጠመቃለሁ። ባልንጀሮቼ ተማከሩ። አንዷ ዛር ነው አለች፣ ሌላዋ ቡዳ ነው አለች። ነገሩን ያወቁት ወይዘሮ ድንቅነሽ ብቻ ናቸው፤ ማወቃቸው ግን አልበጀኝም።

«ብርቄ፣ ደምሽ ቆሟል አይደል?»

«አዎን፣ እሜቴ።»

«እንግዲህ አጥንትሽ ደርቋል። ደረቅ እንጨት ሲገፉት ይሰበራል። ከዛሬ ጀምረሽ አጠገቤ ተቀምጠሽ ጥጥ ፍተዪ።»

«ወገቤ እኮ ደኅና ነው።»

«ለክብርሽ ነው እንጂ።»

ክብሩም መጣ። አጎዛ ተነጠፈልኝ። እስከ ትናንት «አንቺ ብርቄ፣ ወንፊቱን አቀብይኝ» የሚሉኝ ልጃገረዶች «አንቱ» አሉኝ። መጄን ለአንዷ ሰጧት። እሷም ስትፈጭ ዱቄቱ እንደ አሸዋ ይሻክር ነበር፤ የተከበረ ሰው አይናገርምና ዝም አልኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጉልበቴ ተሳሰረ። እንቅልፍ ከዳኝ። በረባ ባልረባው ሆድ ይብሰኝ ጀመር። እሱስ ይሁን። አንድ ጠዋት ከአጎዛው ልነሣ ስል እጄ ሳላዝዘው የሚደግፈኝ ሰው ፈለገ። ዘወር ብዬ ወይዘሮ ድንቅነሽን አየኋቸውና ፈራሁ። እሳቸውን የሚያነሡት ሴቶች ነገ እኔንም ሊያነሡኝ ነው።

በማግስቱ እንስራ ይዤ ወንዝ ወረድኩ። ዳገቱ አስለቀሰኝ፤ በየድንጋዩ እየተቀመጥኩ ወጣሁ። ሰንበትበት ስል ማረፊያዬ እያነሰ ሄደ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ወላፈኑ ግን አልተወኝም፤ እሱ የማንንም ምክር አይሰማም።

ወይዘሮ ድንቅነሽ ሲሰሙ ተቆጡ። «የደጃዝማቹ ቤት አሮጊት ውሃ ያስቀዳል ይባልልን?»

«ለስማችን ስል በጓሮ በኩል እመላለሳለሁ» አልኳቸው።

በዓመቱ ፍልሰታ ሲቃረብ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ወፍጮ ቤት መጡ። ለቁርባን የሚሆነውን መገበሪያ ስንዴ ይፈጩ የነበሩት መነኩሲት ዐርፈዋል። መገበሪያን ደግሞ የወር ደም የምታይ ሴት አትነካውም።

«ደሟ የቆመና መፍጨት የምትችል ሴት ስጡኝ» አሉ።

መጅ የያዙት ሁሉ ወጣቶች ናቸው፤ ደማቸው የቆመውን አጎዛ ላይ አስቀምጠናቸዋል። ቄሰ ገበዙ መጀመሪያ ወይዘሮ ድንቅነሽን አዩ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያሹ ጀመር።

«እኔ አለሁ፣ አባ» አልኩ።

«ኧረ እሷ አጥንቷ ደርቋል» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ።

«እኛ ዘንድ አጥንቷ ሳይደርቅ የፈጨች የለችም» አሉ ቄሰ ገበዙ።

እንዲህ ሆኖ ለጌታ ማዕድ አረጀሽ የተባልኩት ሴት፣ ለጌቶች ጌታ ማዕድ ገና ደረስሽ ተባልኩ።

የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ቤተ ልሔም አጠገብ ባለችው ጎጆ ያገኘሁት መጅ ትንሽ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት አሮጊቶች ሲገፉት ኖረው አሳንሰውታል፤ ለእጄ ልክ ሆነ። ፍልሰታን ሙሉ ፈጨሁ። ሕዝቡ ሲቆርብ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ ደስታዬን ከማንም አልደበቅኩም።

ጾሙ ሲፈታ ወፍጮ ቤት ተመለስኩ። «ሥራዬን መልሱልኝ፤ መጁ ግን አነስ ያለ ይሁን» አልኩ።

«ካህናት ያመኑሽን እኔ ማን ነኝ የምከለክልሽ?» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ። ከዚያ ልጃገረዶቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእኔስ የሚሆን ይገኝ ይሆን?»

ላሾፍባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ተውኩት። እንደ ልማዳቸው ለመነሣት ሁለት ሴት አስፈለጋቸው፤ አንዷ እኔ ሆንኩ። ጥቅምት ላይ አንዷ ብቻ በቃቻቸው። ለበቅሎ የሚሆን ገብስ እየሸረከቱ ነበር፤ ማዕርጋቸው ከጀማሪ ጀመረ።

ደሟ ለቆመ ሴት አጎዛ አታንጥፉ። መጁ ከከበዳት ቀለል ያለ ስጧት።