የእሜቴ ቤት

ሴራሚክ አንጣፊውን ሰፈሩ “ውሃልክ” ይለዋል። ሰው ቤት ሻይ ተጋብዞ እንኳ ወለሉ ዘመም ያለ ከመሰለው ሳይናገር አይወጣም። አንድ ልጁን ያስቀየመበትም ይኸው አመሉ ነው። ለትዳር ያሰበችውን ሰው ጠማማ ነው፣ ሐሳብሽም ጠማማ ነው እያለ ሲያመናጭቃት ከርሞ፣ አንድ ቀን ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት።

የተከራየችበት ቤት ባለቤት አውሬ አላስገባም ስላለች፣ መዳፍ የምታክል ጠጉራም ሸረሪቷን ለአባቷ ትታ ሄደች። ስሟ እሜቴ ነው። እሜቴ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተንደላቃ ትኖራለች፤ አታስቸግርም። በሳምንት አንድ ፌንጣ፣ በክዳን ውሃ፣ መደበቂያ የሚሆናት ስባሪ የአበባ ማሰሮ፣ ከሥሯ ወፍራም አፈር ይበቃታል። አፈሩን እንዳትቀንስ፣ ከከፍታ ከወደቀች ሆዷ ይፈርጣል ብላ ልጁ አስጠንቅቃዋለች።

ዓርብ ዓርብ የእሜቴን ፎቶ ለልጁ ይልካል። መልሱ ሁልጊዜ “አየኋት” ነው፤ ሌላ ነገር የለም። አንድ ዓርብ ግን ደረቅ ቅርንጫፍና የላስቲክ ቅጠል ቢያስገባላት “ቤቷ አምሮበታል” የሚል መጣለት። ያን ቀን ሥራ ላይ ሲያፏጭ ዋለ። በሳምንቱ ነጭ ጠጠር ጨመረ፤ ቀጥሎ ከወንዝ ዳር የለቀመውን ድንጋይ። በአምስተኛው ዓርብ “አባዬ” አለችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው።

ከሥራ የተረፈ እብነ በረድ ሰብስቦ ለእሜቴ ደረጃ ሊሠራላት ተነሳ። ድንጋይ በልል አፈር ላይ ማሳረፍ ግን ለአንጣፊ ነውር ነው፤ ዛሬ ቢያምር ነገ ይሰምጣል። ስለዚህ አፈሩን እስከ መስታወቱ ጠርጎ አወጣና ደረጃውን በሙጫ አጣበቀ። የልጁ ማስጠንቀቂያ ትዝ ብሎት ነበር። ይህች ቅምጥል ደግሞ የት ልትወጣ ብሎ ተወው።

ዓርብ ጠዋት ፎቶ ሊያነሳት ሲመጣ፣ መስታወቱን ቧጥጣ ክዳኑ ድረስ ወጥታ ኖሮ፣ እብነ በረዱ ጠርዝ ላይ ወድቃ ሆዷ ተተርትሮ አገኛት። ሲያልቅ አያምር። በማንኪያ አነሳት። ለሸረሪት ያለቅሳል ያለው ማንም የለም፤ አለቀሰ።

ከዚያ ጠርዙን ወለወለና ወለሉ በማይታይበት በኩል የባዶውን ቤት ፎቶ አንስቶ ላከ።

“አባዬ፣ እንዴት ያምራል። እሜቴስ?”

“ማሰሮዋ ውስጥ ገብታለች” ብሎ ጻፈላት።

“በቃ ነገ መጥቼ አያታለሁ። አንተንም።”

ይህችን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቋታል። ሞታለች ብሎ ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቱንም ጊዜ አጠፋው። አፈሩን ለምን አወጣኸው ብትለው፣ እንዲስተካከልልኝ ብዬ ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ልጁንም ያጣት ላስተካክል ሲል ነው። በመጨረሻ “ነገ አይመቸኝም፤ አትምጪ” ብሎ ላከ።

ብዙም ሳይቆይ መለሰችለት።

“አልተለወጥክም።”