የጋሽ አባይነህ ጡሩምባና የቸርችሉ አንቴና

ጋሽ አባይነህ የእድሩን ጡሩምባ መንፋት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሰው ባረፈ ቁጥር ማልደው ይወጣሉ፤ ከሦስት ቦታ ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። "በእሪ በከንቱ ሰፈር ጩኸቱ ከንቱ ያልቀረ እሳቸው ብቻ ናቸው" እያሉ የአራዳ ልጆች ይቀልዱባቸዋል።

አንድ ቀን የእድሩ ሊቀ መንበር ገነነ ወደ ቀለምና ሚስማር ሱቁ ጠራቸው።

"ጋሽ አባይነህ፣ ግማሹ እድርተኛ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ጡሩምባዎ እዚያ አይደርስም። በስልክ መልእክት ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ እንሞክረውና ጉባኤው ይወስናል። ጡሩምባውንም ሰኞ አምጥተው ጉባኤው እስኪወስን እዚሁ ያኑሩት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሳቸውንም ከፍቷቸዋል፤ ያቺ ጡሩምባ ከቀረች በሰፈሩ ውስጥ ምን ተብለው እንደሚጠሩ እንኳ አያውቁም። ግን ነገር ሳይገባቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸውና ከቅሬታው ይልቅ ጥያቄው ከነከናቸው። ይሄ የሚተካኝ ነገር ድምፁ ሳይሰማ ሰውን እንዴት አድርጎ ነው የሚያገኘው?

ድምፅን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁታል። የድንጋይ ግድግዳ ይመልሰዋል፣ የጭቃው ይውጠዋል። ጡሩምባው ሩቅ ይሄዳል፤ ስምና ሰዓት ግን ጠጋ ብለው ካልተናገሩ አይለይም። ኔትወርክም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብለው ገመቱ። ስልካቸው ቸርችል ጎዳና ላይ ሲቆሙ "ፋይቭ ጂ" የሚል ያሳያል፤ ግቢያቸው ሲገቡ ይጠፋል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት በራቸው ላይ ቁጭ ብለው ስልኩን ጡሩምባው አፍ ውስጥ ከተቱት። የነበረችውም ትንሽ ኔትወርክ ድርግም አለች።

"ጋሽ አባይነህ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ፀደንያ። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሥራዋ ፎቅ ላይ እየወጡ የስልክ አንቴና መትከልና መጠገን ነው።

"ኔትወርክ እያጠራቀምኩ።"

ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። "ብረት እኮ ሞገዱን ይጋርደዋል እንጂ አይሰበስብልዎትም! ይነሱ፣ ላሳይዎት።"

ቸርችል ጎዳና ወርደው ከአንድ ፎቅ ፊት ለፊት ቆሙ። ጣሪያው ላይ አንድ ረጅም አንቴናና አንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ይታያል።

"ረጅሙ የድሮው ነው" አለች። "ሞገዱ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ የሚሸከመው ግን ጥቂት ነው። ሳጥኑ አዲሱ ነው። የሱ ሞገድ ብዙ ይሸከማል፣ ለዚህ ነው የሚፈጥነው። ግን ሩቅ አይዘልቅም፣ ግድግዳም ያደክመዋል። ግቢዎ ሲገቡ የሚጠፋው ለዚያ ነው።"

"ታዲያ በምን ተሻለ?"

"ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች አሉ። ተባብረው ሞገዱን ወደ አንድ ሰው ያነጣጥሩታል። አሁን ወደ እርስዎ፣ ወዲያው ደግሞ ታክሲው ውስጥ ወዳለችው ልጅ።"

"እኔ ለሁሉም እጮሃለሁ፤ እሱ ለእያንዳንዱ በጆሮው ያንሾካሹካል በይኛ።"

"በትክክል!"

የጋሽ አባይነህ ልብ ቅዝቅዝ አለ። ከዚህ ጋርማ አልወዳደርም አሉ በሆዳቸው። ጥያቄያቸው ግን አላለቀም።

"ስልኬ ኪሴ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ሊያንሾካሹክልኝ ሲፈልግ የት እንዳለሁ በምን ያውቃል?"

"በትክክል አያውቅም። በዚህ አካባቢ እንዳሉ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ መጀመሪያ በአካባቢው ያሉት አንቴናዎች ሁሉ ይጣራሉ። ስልክዎ 'አቤት' ሲል ነው ወደ እርስዎ የሚዞሩት።"

"ይጣራሉ? ለሁሉም በሚሰማ?"

"ለሁሉም። ስልኩ ሁሉ ይሰማል፤ የተጠራው ብቻ ይመልሳል።"

ጋሽ አባይነህ መንገድ መሃል ከት ብለው ሳቁ፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አያቸው። ለካ ያ ሁሉ ሊቅ የሠራው ነገር መጀመሪያ ጡሩምባ ነፊ ነው!

"ካልመለሰስ?"

"ደጋግሞ ይጣራል። እምቢ ካለ ይተወዋል፤ መልእክቱ ስልኩ እስኪከፈት ይቀመጣል።"

"ይተወዋል?" አሉ። ሳቃቸው ቆመ። ይህቺ ቃል ቤታቸው ድረስ ተከተለቻቸው።

ሰኞ ጡሩምባውን አስረከቡ፤ ገነነ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ሐሙስ ማለዳ የቅመም ነጋዴዋ ወይዘሮ ኡሙሀኒ አረፉ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ሆነ። ገነነ መልእክቱን ላከ፤ ወዲያው ከየኮንዶሚኒየሙ "ነፍስ ይማር" ይጎርፍለት ጀመር። ጋሽ አባይነህም አዩና አደነቁ፤ እዚያ ድረስ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልተሰሙም።

"ያልደረሰው አለ?" አሉ።

"አራት ሰው። ስልካቸው ዝግ ነው።" ገነነ ስሞቹን አነበበ። የመጀመሪያዋ እትዬ የሺዓለም ነበሩ።

እትዬ የሺዓለም የኡሙሀኒ የአርባ ዓመት ወዳጅ ናቸው። በረመዳን ማፍጠሪያ የሚልኩት እሳቸው፣ በፋሲካ ቅቤና ቅመም የሚልኩት ኡሙሀኒ ነበሩ።

"ሲከፍቱት ይደርሳቸዋል" አለ ገነነ።

ጋሽ አባይነህ እስኪከፍቱት አልጠበቁም። ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገሰገሱ። የእትዬ የሺዓለም ቤት ሦስተኛው የመንፊያ ቦታ አጠገብ ነው። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ስልካቸው ባትሪዋ እንዳያልቅ ተዘግታ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች።

"አባይነህ! በል ግባ፣ ሻይ ልጣድልህ።"

ጋሽ አባይነህ በዕድሜያቸው ስንቱን ሞት ለፍፈዋል፤ ይሄኛው ግን የሚለፈፍ አልነበረም። አጠገባቸው ተቀምጠው ቀስ ብለው ነገሯቸው።

የምስሩ ሰፌድ ከእጃቸው ወደቀ። "ምን ማለትህ ነው? ጡሩምባ አልሰማሁም እኮ! ጡሩምባ ስላልሰማሁ፣ ሁሉም ሰው ደኅና አድሯል ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት።"

ጋሽ አባይነህ ክንዳቸውን ይዘው ዳገቱን አወጧቸው። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ደረሱ። እትዬ የሺዓለም ደጃፉ ላይ ገነነን ሲያዩት "ጡሩምባ አልሰማሁም እኮ" ብለው ደገሙለት፤ ቁጣ የለበትም፤ እንባ ብቻ። ገነነ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ከለቅሶው ወጥቶ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሲመለስ ጡሩምባውን ይዟል።

"ሦስት ሰው ይቀረናል፣ ጋሽ አባይነህ" አለና በሁለት እጁ አቀበላቸው።